አዲስ አበባ ላይ ጨረቃን ለማየትም ለማንሳትም፡ የት እንቁም፣ መቼ እንውጣ

ብዙ ሰው አዲስ አበባ ላይ ጨረቃ ልይ ወይ ፎቶ ላንሳ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣለት እንጦጦ ነው። ከፍ ያለ ነው፣ ከተማው ከዛ ይታያል፣ አየሩም ንፁህ ነው፣ ስለዚ ሰው ቢያስበው አይገርምም። ግን የምትፈልጉት ከተማውንና ጨረቃን አንድ ላይ ከሆነ እንጦጦ አይሆናችሁም። እዛ ጫፍ ላይ ስትቆሙ ከተማው ከእናንተ በታች ነው፣ ያውም ወደ ደቡብ ነው የተዘረጋው፣ ጨረቃ ደሞ በምሥራቅ ወጥታ በምዕራብ ነው የምትጠልቀው፣ ህንፃዎቹ በሙሉ ከአድማሱ በታች ስለሚቀሩ ጨረቃዋ ከአንዳቸውም ጀርባ ብቅ ልትል አትችልም። ስታነሱት ወይ ጨረቃውን ብቻ ወይ ከተማውን ብቻ ነው የምታገኙት።

አዲስ አበባ ላይ ወሳኙ ነገር ከፍታ ሳይሆን የትኛው ጎን መቆማችሁ ነው። ጨረቃ ስትወጣ ማየት ከፈለጋችሁ ከከተማው ምዕራብ ሁኑ፣ ስትጠልቅ ማየት ከፈለጋችሁ ምሥራቅ ሁኑ፣ በቃ። እንዲ ስትሆኑ ከተማው በእናንተና በጨረቃዋ መሀል ይገባል፣ ከፍታችሁም ከህንፃዎቹ ጋር የተቀራረበ ስለሚሆን ጨረቃዋ በነሱ መሀል ስትወጣ ትታያለች።

ለመውጫዋ ቤተል፣ አየር ጤና፣ ዓለም ባንክ፣ ኮልፌ፣ በዛ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚያይ አራተኛ አምስተኛ ፎቅ ካገኛችሁ ሌላ ነገር አያስፈልጋችሁም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጣሪያው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ስለሆነ ለጣሪያ አትድከሙ፣ የመጨረሻው ፎቅ ኮሪደር ወይ ደረጃው ጋ ያለው ክፍት ቦታ ይበቃል፣ ጥበቃውን ግን ቀድማችሁ አናግሩት፣ ማታ ትራይፖድ ይዞ ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ማንንም ያስደነግጣል። ለመጥለቂያዋ ደሞ አያት፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት ጥሩ ናቸው። ሙሉ ጨረቃ የምትጠልቀው ንጋት ላይ ፀሐይ ስትወጣ ነው፣ ከነዚህ ሰፈሮች ወደ ምዕራብ ካያችሁ ከተማው ፊት ለፊት ከጀርባው ደሞ ወጨጫ ተራራ አለ፣ ጨረቃዋ ወጨጫ ላይ ስትወርድ ህንፃዎቹ ከኋላችሁ በምትመጣው ፀሐይ ቀላ ማለት ይጀምራሉ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። ሰው ሁሉ ስለ ጨረቃ ሲያስብ ምሽቱን ነው የሚያስበው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግን መንገዱም ፀጥ ያለ ነው፣ ብርሃኑም ለስላሳ ነው።

አሁን ወደ አቅጣጫ እንምጣ፣ ምክንያቱም "ምሥራቅ" ስንል ሁሌ አንድ ቦታ አይደለም። ሙሉ ጨረቃ ሁሌም ከፀሐይ ተቃራኒ ነች። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትሄድ ሙሉ ጨረቃ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄዳ ትወጣለች፣ ሰኔ ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትመጣ ሙሉ ጨረቃ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ትወጣለች፣ መስከረምና መጋቢት ላይ ደሞ ወደ ትክክለኛው ምሥራቅ ትጠጋለች። ስለዚ ታኅሣሥ ላይ ከሜክሲኮ ወይ ከልደታ አካባቢ ብታዩ የምትወጣው በየካ ተራሮች በኩል ነው፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከጀሞ ወይ ከለቡ ብታዩ በየረር ተራራ በኩል ትሆናለች። የንግድ ባንክን ህንፃ ከቤተል በኩል ማንሳት ለሚፈልግ ህንፃው ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን ያጋደለ ስለሆነ ጥቅምት አካባቢ ያለችው ሙሉ ጨረቃ ትቀርበዋለች። ልኩን ግን የጨረቃን መውጫ በሚያሳይ የስልክ አፕ አረጋግጡ፣ አንድ ሁለት ዲግሪ ብትስቱ ጨረቃዋ ከህንፃው ጎን ነው የምትሆነው፣ መቶ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ መሄድ ያስፈልጋችኋል።

የትኛው ቀን?

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚያመልጠው። "ዛሬ ሙሉ ጨረቃ ናት" ተብሎ ይወጣል፣ ጨረቃዋ ግን ጨለማው ከበረታ በኋላ ትወጣና ፎቶው ላይ ጥቁር ሰማይና ነጭ ክብ ብቻ ይቀራል። ጨረቃ በየቀኑ በግምት 50 ደቂቃ እየዘገየች ነው የምትወጣው። ስለዚ ከሙሉ ጨረቃ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ብትወጡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጥታ ታገኟታላችሁ፣ ለዓይን ደሞ ያው ክብ ነች፣ ልዩነቱን ማንም አያውቀውም። ህንፃውም ሰማዩም ጨረቃውም አንድ ላይ በልክ የሚታዩበት ሰዓት ፀሐይ ስትጠልቅና ከዛ በኋላ ያለችው 20 ደቂቃ ገደማ ነች፣ ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ የሚሆንባት፣ የከተማው መብራት ደሞ በርቶ የሚጠብቅባት። አሰራሩ እንዲ ነው፣ አፑ ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፣ ፀሐይ የምትጠልቅበትና ጨረቃ የምትወጣበት። ጨረቃዋ ከፀሐይ መጥለቂያ 20 ደቂቃ ቀድማ ወይም አብራ የምትወጣበትን ቀን ምረጡ። አንዳንድ ወር ይሄ ዋዜማው ይሆናል፣ አንዳንዴ እራሱ ሙሉ ጨረቃው ቀን። ለንጋቱ መጥለቂያ ደሞ ሂሳቡን ገልብጡት፣ ጨረቃ ከፀሐይ መውጫ ጋር እኩል ወይ ትንሽ ዘግይታ የምትጠልቅበት ጠዋት ነው የሚያስፈልጋችሁ።

እኛ ጋ አንድ ጥሩ ነገር አለ፣ አዲስ አበባ ወደ ምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ማለት ነው፣ ፀሐይ አመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ውስጥ ነው የምትጠልቀው። ስለዚ ፕሮግራማችሁን ለማውጣት ቀላል ነው፣ ከስራ ወጥታችሁም ትደርሳላችሁ፣ መንገድ ካልተዘጋጋ።

አፕ ስትጠቀሙ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንዱ ሰአቱ ነው፣ አፑ 18:20 ካለ የኛ 12:20 ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል ግን በችኮላ ይሳሳታል። ሁለተኛው ቀኑ ነው፣ የኛ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲጀምር አፑ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ይቀይራል፣ ስለዚ ሌሊት 7 ሰዓት የምትወጣ ግማሽ ጨረቃ አፑ ላይ በነጋታው ቀን ተጽፋ ታገኟታላችሁ፣ እናንተ ደሞ "ነገ ሌሊት" ብላችሁ አንድ ሙሉ ቀን ዘግይታችሁ ትወጣላችሁ። ስቴላሪየም ነፃ ነው፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ፎቶፒልስ በክፍያ ነው ግን ካርታው ላይ ህንፃውን መርጣችሁ የት መቆም እንዳለባችሁ መስመር ያሰምርላችኋል፣ በካሜራ ለሚሰራ ሰው ገንዘቡ አይቆጭም።

በባሕረ ሐሳብ ጨረቃን መፈለግ

አፕ ሳንጠቀም በራሳችን ዘመን አቆጣጠር አናገኛትም ወይ የሚል ሰው አለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የቤተክርስቲያን የዘመን ስሌት የጨረቃው ሌሊት (ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ እንደሆነ) ይሰላል፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት የዓመቱ ቁጥሮችም ከዛው ስሌት የሚወጡ ናቸው፣ ለምሳሌ ለ2018 ዓ.ም. 5500 ደምሩበት 7518 ይሆናል፣ ለ19 ስታካፍሉት 13 ይተርፋል፣ አንድ ቀንሱ 12፣ ይሄ ወንበሩ ነው፣ በ11 ስታባዙት 132፣ ለ30 አካፍሉት ቀሪው 12፣ አበቅቴው 12 ነው። መጥቅዑ ደሞ ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 18፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሁሌ 30 ይሆናሉ። ይሄን ወረቀትና እርሳስ ሳይዙ በቃላቸው የሚያሰሉ አባቶች አሉ፣ በጣም የሚያስደንቅ እውቀት ነው፣ ቁጭ ብሎ መማር ይገባናል።

ግን ሙሉ ጨረቃ ፎቶ ለማንሳት በዚህ አትሂዱ። ስሌቱ የተመሰረተው 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ነው በሚል ነው፣ በየ19 ዓመቱ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆን ልዩነት አለ፣ ይቺ ትንሽ ልዩነት በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሞላለች፣ ከጥንት ጀምሮ ተጠራቅማ ዛሬ የባሕረ ሐሳቡ ጨረቃ ከሰማይዋ አራት አምስት ቀን ትዘገያለች። ስሌቱ የተሰራው ፋሲካን ሁሉም ምዕመን በአንድ ቀን እንዲያከብር ነው፣ ለዛ አላማ ደሞ ዛሬም በትክክል ይሰራል። የሚያሳስታችሁ "ሌሊት 15" የሚለውን፣ በስሌቱ ሙሉ ጨረቃ የምትሆንበትን ማለት ነው፣ አይታችሁ ካሜራ ይዛችሁ ከወጣችሁ ብቻ ነው፣ ያኔ ጎድላ ነው የምታገኟት፣ የምትወጣውም እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ይሆናል።

ከዚህ ይልቅ የሂጅራው አቆጣጠር ለዚህ ጉዳይ በጣም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ወሩ የሚጀምረው ማጭዷ ጨረቃ ስትታይ ነው። ሙስሊም ጎረቤት ያላችሁ "አያሙል ቢድ መቼ ነው" ብላችሁ ጠይቁ፣ የወሩ 13፣ 14 እና 15 ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ይጾመዋል፣ ጨረቃዋ ሙሉ የምትሆነውም በነዚህ ቀኖች አካባቢ ነው። አፕ የሌለው ሰው በዚህ ብቻ መሄድ ይችላል።

ህንፃና ጨረቃ፣ ርቀቱ

አንዳንድ ፎቶ ላይ ጨረቃ ህንፃ ስታክል አይታችሁ ይሆናል። ሌንሱ ብቻ አይደለም እንዲ ያደረጋት፣ ፎቶ አንሺው ከህንፃው በጣም መራቁ ነው። ጨረቃ ሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው፣ ይሄ ደሞ የርቀቱ አንድ መቶ አስረኛ ማለት ነው። ስለዚ ከህንፃው ያላችሁን ርቀት በሜትር ለ110 አካፍሉት፣ ጨረቃዋ ህንፃው ላይ ስንት ሜትር እንደምትሸፍን ታገኛላችሁ። የንግድ ባንክ ዋና መስሪያ ቤት 209 ሜትር ነው፣ ከ7 ኪሎ ሜትር፣ ለምሳሌ ከቤተል በኩል፣ ጨረቃዋ 63 ሜትር ታክላለች፣ የህንፃውን አንድ ሶስተኛ ሊጠጋ ነው፣ ይሄ በጣም ያምራል። ህንፃውን በሙሉ እንድታክል ከፈለጋችሁ 23 ኪሎ ሜትር መራቅ አለባችሁ፣ ያን ያህል ርቃችሁ ደሞ ጭሱና አቧራው ብዙ ጊዜ አያሳያችሁም። የአፍሪካ ህብረት ህንፃ 99.9 ሜትር ነው፣ ከ3 ኪሎ ሜትር ብታዩት ጨረቃዋ 27 ሜትር ትሆናለች፣ አንድ አራተኛው ማለት ነው፣ ለሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ህንፃው ስር ሆናችሁ ካነሳችሁ ግን ጨረቃዋ ነጥብ ነው የምትሆነው፣ ምንም ካሜራ ቢሆን።

ስትዘጋጁ ፍጥነቷንም አስቡ። ሰማይ ላይ አንድ ዲግሪ ለመሄድ አራት ደቂቃ ነው የሚፈጅባት፣ የራሷን ስፋት በሁለት ደቂቃ ትጨርሳለች። ያ የ209 ሜትር ህንፃ ከ7 ኪሎ ሜትር ሲታይ ቁመቱ ሁለት ዲግሪ አይሞላም፣ ስለዚ ጨረቃዋ ከህንፃው ጋር የምትቆየው ሰባት ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ትራይፖዱን ትከሉ፣ ፎከሱን ህንፃው ላይ ጨርሱ፣ ስትወጣ መጫን ብቻ ይቅራችሁ። አፑ የሚነግራችሁ የመውጫ ሰአት ደሞ ለጥ ላለ አድማስ ነው፣ ተራራ ካለ ትዘገያለች፣ በጋ ላይ ጭጋግ ካለ አድማሱ ላይ ጭራሽ ሳትታይ ቆይታ ከፍ ስትል ነው ብቅ የምትለው፣ አትደናገጡ፣ ጠብቁ።

ካሜራ ያላችሁ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ሌንስ ይኑራችሁ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ ላይ ጀምሩና እያያችሁ አስተካክሉ፣ ሁለት ሰከንድ ታይመር ላይ አድርጉት እጃችሁ እንዳያንቀጠቅጠው። ጨረቃዋ ከፍ ብላ ለብቻዋ ስታነሷት ደሞ ቀላሉ ህግ ኤፍ 11 እና ሸተሩን ከአይኤስኦው ጋር እኩል ማድረግ ነው፣ አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100 ወይ 1/125። ሰው "ማታ ነው" ብሎ ካሜራውን ለጨለማ ያስተካክላል፣ ግን ጨረቃ ላይ ያለው ቀን ነው፣ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ነው የምታነሱት፣ የቀን ሴቲንግ ነው የሚያስፈልገው።

ስልክ ከሆነ፣ ቴክኖም ይሁን ሳምሰንግም አይፎንም፣ ጨረቃዋን ስክሪኑ ላይ ንኩና ጣታችሁን ወደ ታች እየጎተታችሁ ብርሃኑን ቀንሱ፣ ነጩ ክብ ጠፍቶ ጠቆር ጠቆር ያለው ቦታ እስኪታይ። ፕሮ ሞድ ካለው አይኤስኦ 100፣ ሸተር 1/200 አካባቢ፣ ፎከሱን የመጨረሻው ርቀት ላይ። ፍላሽ አጥፉ። ናይት ሞድም አጥፉ፣ ለጨረቃ አይሆንም፣ ያቀልጣታል። እውነቱን ለመናገር በስልክ ጨረቃን ብቻዋን ከማንሳት ይልቅ ሰው፣ ዛፍ፣ የቤተክርስቲያን ጉልላት ወይ የመስጊድ ሚናራ ከፊቷ አድርጋችሁ ጥላ ምስል ብታነሱ መቶ እጥፍ ይሻላል። ከመርካቶ ምዕራብ ከፍ ካለ ቦታ የአንዋር መስጊድን ሚናራዎች ከምትወጣ ጨረቃ ጋር ማግኘት ይቻላል፣ ቦሌ መድኃኔዓለምም ጉልላቶቹ ለዚህ የተሰሩ ነው የሚመስሉት።

ፎቶው ይቅርና ለማየት ብቻ ከሆነ

ለማየት ሙሉ ጨረቃ ከሁሉም ቀን የደከመች ነች። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ተራራና ጉድጓዱ አይለይም። ሰባተኛ ስምንተኛ ቀኗ ላይ፣ ግማሽ ስትሆን እዩዋት፣ ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹ በሙሉ ጠርዛቸው ተለይቶ ይታያል። 10 በ50 ባይኖኩላር (10 እጥፍ የሚያቀርብ የሩቅ ማያ) ይበቃል፣ ቴሌስኮፕ ግድ አይደለም። ሙሉ ስትሆን የሚያምረው ቲኮ የሚባለው ጉድጓድ ነው፣ ከሱ የሚወጡት ነጫጭ ጨረሮች ግማሽ ጨረቃውን አቋርጠው ይሄዳሉ። ጠቆር ያሉት ሜዳዎች የቀለጠ አለት ፈሶ የረጋባቸው ናቸው፣ አፖሎ 11 በ1969 እ.ኤ.አ. ያረፈው አንዱ ላይ ነው፣ የፀጥታ ባሕር በሚባለው።

ከውጭ ሀገር የተሰራ የጨረቃ ካርታ ስትጠቀሙ ግራ እንዳይገባችሁ። ካርታው የተሳለው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰማይ ነው፣ እኛ ጋ ጨረቃ ስትወጣ በጎኗ ተኝታ ነው የምትወጣው፣ ካርታውን ሩብ ዙር አዙሩት። በዛ ላይ አዲስ አበባ ጨረቃ አናት ላይ የምታልፍባት ከተማ ናት፣ አንዳንድ ሌሊት ከአናታችን በስተሰሜን፣ አንዳንዴ በስተደቡብ ነው የምታልፈው፣ በሰሜን ስታልፍ ወደ እንጦጦ ዞራችሁ ነው የምታዩዋት፣ ያኔ ካርታው ጭራሽ ተገልብጦ ነው የሚገጥመው። አናት ላይ ስትሆን ቆሞ ማየት አንገት ይሰብራል፣ ሰሌን ወይ ፍራሽ አንጥፋችሁ ጋደም በሉ፣ ጋቢ ደርቡ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቆረጥማል።

ልጆች "አድማስ ላይ ስትሆን ለምን ትልቅ ሆነች" ብለው ይጠይቃሉ። እጃችሁን ዘርጉና በትንሿ ጣት ሸፍኗት በሏቸው፣ ከዛ አናት ላይ ስትደርስ ድጋሚ ይሸፍኗት፣ ያው ነች። እንዲያውም አናት ላይ ስትሆን በትንሹ ትቀርበናለች፣ የምድርን ግማሽ ስፋት ያህል፣ 6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዓይናችን ነው ከቤትና ከዛፍ ጋር እያነፃፀረ የሚያተልቃት።

አዲስ የወጣችዋ ማጭድ የተለየ ነገር ናት። ከአውሮፓ እንደሚታየው ጎኗን ሰጥታ አትቆምም፣ እኛ ጋ ሁለት ቀንዷን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ጀልባ ነው የምትንጋለለው። ፀሐይ እንደጠለቀች ወደ ምዕራብ እዩ፣ ጨለማው ክፍሏ በስሱ አመድማ ሆኖ ይታያል፣ ያ ከምድር የተንጸባረቀ ብርሃን ነው። ለዚህ ወጨጫ ስር ያሉ ሰፈሮች አይመቹም፣ ተራራው ቶሎ ይውጣታል፣ የአንድና የሁለት ቀን ጨረቃ ደሞ የምትቆየው ትንሽ ጊዜ ነው፣ እያንዳንዷ ዲግሪ አራት ደቂቃ ትወስድባችኋለች። ወደ ምሥራቅ ራቅ በሉ፣ ወይ ለዚህ እንጦጦ ውጡ፣ እዛ ህንፃ አያስፈልጋችሁም የሚያስፈልጋችሁ ክፍት ምዕራብ ነው።

እንጦጦን ከነቀፍኩት አይቀር ጥቅሙንም ልናገር። ለባይኖኩላርና ለቴሌስኮፕ ግሩም ቦታ ነው፣ ከከተማው ጭስ በላይ ነው። እዛው ላይ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተሰራው፣ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉት። መግባት የሚፈልግ ቀድሞ ይጠይቅ፣ ዝም ብሎ በማታ የሚኬድበት ቦታ አይደለም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማህበር ነው፣ ልጆቻችሁ ይሄ ነገር ከሳባቸው ገፁን ተከታተሉላቸው።

ከከተማው ወጣ ሲባል

ቢሾፍቱ ከሁሉም ይመቻል፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእሳተ ገሞራ ሐይቆቿ ክብ ክብ ናቸው፣ ገደላማ ዳር አላቸው፣ በምዕራብ ዳር ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ ጨረቃዋ ከወዲያኛው ዳር ወጥታ ውሃው ላይ እስከ እግራችሁ ድረስ ብርሃን ትዘረጋለች። ባቦጋያም ሆራም ይሆናል። ሎጅ ስትይዙ ከሐይቁ የትኛው ጎን እንደሆነ ጠይቁ፣ በምሥራቅ ዳር ከሆነ የምሽቱን መውጫ አታዩም፣ የንጋቱን መጥለቂያ ነው የምታገኙት። ነፋስ የሌለበት ምሽት ከሆነ ውሃው ላይ ሁለተኛ ጨረቃ አለ። ሱሉልታ ደሞ እንጦጦን ተሻግሮ ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ መብራቱ ከከተማው ይቀንሳል፣ ብርዱ ግን ቀላል አይደለም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ደመና ነው፣ ተስፋ አትቁረጡ ግን ብዙም አትጠብቁ። ከዝናብ በኋላ ሰማዩ ለአንድ ሰዓት እንኳ ከተከፈተ አየሩ ታጥቦ ስለሚቆይ ያኔ የምትታየዋ ጨረቃ ወደር የላትም። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ዋናው ጊዜ ነው። ከኅዳር ግን አንድ ምሽት ለይታችሁ ያዙ፣ ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው የፈጀውን የኅዳር በሽታ እያሰበ ህዝቡ ቆሻሻ ሰብስቦ የሚያጥንበት ቀን ነው፣ ከተማው በጭስ ይሸፈናል። ጨረቃ ካለች አድማሱ ላይ ደም ትመስላለች፣ ጥርት ያለ ነገር ለሚፈልግ ግን አይሆንም፣ አስም ያለበት ሰው ደሞ በዛን ቀን ባይወጣ ይሻላል።

ስለ ጥንቃቄ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። እንጦጦ ላይ ማታ ጅብ አለ፣ ሌባም ሊኖር ይችላል፣ ለብቻችሁ አትውጡ፣ በተለይ ሴቶች በቡድን ሁኑ፣ መመለሻ መኪናችሁን ሳታረጋግጡ አትቆዩ፣ ማታ እዛ ላይ ታክሲ ይመጣልኛል ብሎ መተማመን ጥሩ አይደለም። ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ቦታ፣ ኤርፖርት አካባቢ ረጅም ሌንስ አታውጡ። ጥበቃ መጥቶ ከጠየቃችሁ ስክሪኑን አሳዩት፣ ጨረቃዋን ሲያያት ብዙ ጊዜ እሱም ቆሞ ያያል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይሞከርም። ባይኖኩላር ወይ ቴሌስኮፕ ከውጭ በዘመድ ለማስመጣት ያሰባችሁ ደሞ ከመገዛቱ በፊት ጉምሩክ ጠይቁ፣ ኤርፖርት ላይ ሊያዝ ይችላል።

የጨረቃ ግርዶሽ ለሚጠብቅ ሰው፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ሙሉ ግርዶሽ ነበር፣ ከምሽቱ 2:30 እስከ 3:52 ሙሉ በሙሉ ቀልታ የቆየችበት፣ ሐምሌ 20 ቀን 2010ም ነበር፣ ያኛው ሙሉው ግርዶሽ 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ የቆየ ነው። ሁለቱም ክረምት ላይ መዋላቸው ነው የሚያስቆጨው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ላይ ያለው ግን ለኛ የተመቻቸ ነው፣ እሁድ ነው፣ በጋ ነው፣ ልጆች ሳይተኙ ነው። ጨረቃዋ በሰሜን ምሥራቅ ስትወጣ የምድር ጥላ ሊነካት ይጀምራል፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ጥላው ውስጥ ትገባለች፣ እስከ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቀልታ ትቆያለች። ያለ ምንም መነጽር በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል፣ ምንም ጉዳት የለውም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ገና ዝቅ ብላ ስለሆነ የምትታየው ሰሜን ምሥራቁ በህንፃም በተራራም ያልተዘጋ ቦታ ያስፈልጋችኋል፣ የካ ስርና እንጦጦ ስር ያላችሁ ወደ መሀል ከተማ ወይ ወደ ምዕራብ ራቅ በሉ። ካሜራ ይዞ ለሚወጣ፣ ስትቀላ ብርሃኗ በጣም ስለሚቀንስ የሙሉ ጨረቃው ሴቲንግ አይሰራም፣ አይኤስኦ 1600 እና አንድ ሰከንድ አካባቢ ሞክሩ፣ ትራይፖድ የግድ ነው።